ከማይክሮቺፑ በፊት ስለተሰጠው የዳማ ክትባት የቀረበ ቅሬታ

ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ዓ.ም.
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ለቤት እንስሳት ማጓጓዣ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

የእናቴን ውሻ ዳማን ከአዲስ አበባ ወደ ሜሪላንድ እንድታደርሱልኝ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ተዋውለናል። 165,000 ብር ከፍያችኋለሁ። ዳማ ታኅሣሥ 4 ቀን ዋሽንግተን፣ ደለስ አየር ማረፊያ መግባት ነበረበት። ዛሬ ታኅሣሥ 9 ነው። ዳማ አሁንም አዲስ አበባ ነው፤ ጎረቤታችን ግቢ ውስጥ በሰንሰለት ታስሯል። ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን የሰጣችሁት ማይክሮቺፑ፣ ማለትም ከቆዳው ሥር የሚቀበረው መለያ ቁጥር ያለው ቺፕ፣ ከመግባቱ 21 ቀን ቀድማችሁ ነው።

በስልክ ደጋግሜ ተናግሬያለሁ። ቴሌግራም ላይ የጻፍኩትን አይታችሁታል፣ መልስ ግን የለም። ጆሮ ዳባ ልበስ ስላላችሁኝ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ በጽሑፍ ላስቀምጠው።

ቢሯችሁ የመጣሁት የእናቴ አርባ በወጣ በሳምንቱ ነው። ገና ጥቁር ለብሻለሁ። የተቀበለችኝ ልጅ በደንብ አስተናግዳኛለች፣ ይህን አልክድም። ወደ አሜሪካ ውሻ ልካችሁ ታውቃላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። «ብዙ» አለችኝ። አዲሱን ሕግ ታውቁታላችሁ ወይ አልኳት። «ሥራችን እኮ ነው» አለችኝ። እኔም አምኜ ፈረምኩ። ወረቀቱን ራሴ መከታተል እችል ነበር። ግን ሐዘን ላይ ነበርኩ፣ ፈቃዴም እያለቀ ነበር። እናንተን የቀጠርኩት ቀንና ቅደም ተከተል እንዳይሳሳትብኝ ነው። የከፈልኩት ለዚሁ ነው።

ብዙ ሰው «ለውሻ ይህን ሁሉ?» ብሎኛል። ለእናንተም ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ከእጃችሁ ያለው ጉዳይ ምን እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት እናቴ ሌሊት መታጠቢያ ቤት ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ብቻዋን ነበረች። ዳማ በሩን እየቧጠጠ ጮኸ። ሌባ ሲያይ እንደሚጮኸው አልነበረም አለችኝ ጎረቤታችን። እንደ ማልቀስ ያለ፣ የማያቋርጥ ጩኸት ነበር። ነጠላዋን ጣል አድርጋ የመጣችው ይህን ሰምታ ነው። እናቴ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ለማይሞላ ጊዜ ኖረች። እኔም ሁለት ጊዜ መጥቼ አየኋት፣ አንድ ፋሲካ አብረን ዋልን። ሆስፒታል ሆና መጨረሻ ላይ በስልክ የነገረችኝ ሁለት ነገር ነው። አንዱ የእኔና የወንድሜ ነገር ነው። ሁለተኛው «ዳማን አደራ» የሚል ነው።

ወደ ጉዳዩ ልመለስ።

መስከረም 27 ቀን ሐኪማችሁ እናቴ ቤት መጣ። በረዶ ካለበት ትንሽ ቦርሳ ውስጥ ክትባቱን አወጣ። ዳማን ኩሽና ደጃፍ ላይ ይዤለት ወጋው። ከዚያ የብልቃጧን ስቲከር ልጦ ደብተሩ ላይ ለጠፈ፣ ቀኑን ጻፈ፣ ፈረመ። «ቺፑስ?» አልኩት። «ከውጭ እየመጣ ነው፤ ቀኑ ዝም ብሎ እንዳይባክን ክትባቱን እናስቀድም» አለኝ። «ችግር የለውም?» ብዬ ደግሜ ጠየቅኩ። «ምንም ችግር የለውም» አለ። ሁለት ጊዜ መጠየቄን አስታውሱልኝ። ጥቅምት 10 ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ቺፑ የገባው ጥቅምት 18 ነው። በቪዲዮ አይቻለሁ፤ ስካነሩ ጀርባው ላይ ሲያልፍ ቁጥሩ ሲበራ ደስ ብሎኝ ነበር።

ክትባቱ መያዙ የሚመረመርበት ደም ጥቅምት 29 ተወሰደ። የአሜሪካው ደንብ ከክትባቱ 30 ቀን ማለፍ አለበት ስለሚል ቀኑን በትክክል ቆጥራችኋል። ናሙናው ውጭ አገር ተልኮ ውጤቱ ኅዳር 19 መጣ። የሚፈለገው በሚሊ ሊትር ቢያንስ 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት ነው። ዳማ ከዚያ በላይ አገኘ። ያን ቀን ለወንድሜ ደውዬ «አለቀ፣ ሊመጣ ነው» አልኩት። ለልጆቼም ነገርኳቸው። የሚተኛበትን ገዝተው ሳሎን ጥግ አስቀመጡለት።

ኅዳር 26 ሁሉም ተበላሸ። ዳማ እዚህ ሲደርስ የሚቀበለው ተቋም ወረቀቶቹን አይቶ መልስ ላከ። ማይክሮቺፑ የገባው ከክትባቱ በኋላ ስለሆነ ክትባቱ አይቆጠርም፤ ክትባቱ ካልተቆጠረ የደም ምርመራውም አይቆጠርም ይላል። በረራው ስምንት ቀን ቀርቶታል።

ይህ ድብቅ ነገር አይደለም። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ሁላችንም ሲዲሲ የምንለው፣ ደንቡን ካወጣው ቆይቷል። ሥራ ላይ የዋለው በ2024 እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን፣ በእኛ ሐምሌ 25 ቀን 2016 ነው። ኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት ከፍ ያለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ አለች። ከእነዚህ አገሮች ለሚመጣና እዚያው ለተከተበ ውሻ መጀመሪያ ቺፕ ነው፣ ከዚያ ክትባት፣ ከዚያ ደም። ሐኪሙ የሚሞላውን ቅጽ የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም ማኅተም ያደርግበታል። ውሻው የሚገባው በተፈቀዱት ጥቂት አየር ማረፊያዎች ብቻ ሲሆን፣ እዚያ ባለ ተቋም ተመርምሮ እንደገና ይከተባል። ሕጋዊ ክትባት ኖሮት የደም ውጤት ከሌለው ደግሞ በባለቤቱ ወጪ 28 ቀን ተለይቶ ይቆያል። እኔ ይህን ያወቅኩት ኅዳር 26 ማታ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ሳነብ ነው። እናንተ ልታውቁት የሚገባው መስከረም ላይ ነበር።

ቺፑ ለምን መቅደም እንዳለበት ሳስበው ይገባኛል። ቺፑ የውሻው መታወቂያ ነው፣ 15 አሃዝ ያለው ቁጥር። ሐኪሙ ከመውጋቱ በፊት ቁጥሩን አንብቦ ከጻፈ፣ የተከተበው ያ ውሻ ለመሆኑ ማረጋገጫ አለ። ቺፕ ከሌለ ወረቀቱ ላይ ያለው «ወንድ፣ ዳማ ቀለም፣ 6 ዓመት» ነው። እንዲህ ያለ ውሻ አዲስ አበባ ውስጥ በየግቢው አለ።

ሕጉ በዛ ብዬ አላማርርም። ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ውስጥ ያበደ ውሻ ነክሶኝ ያውቃል። እናቴ በየቀኑ ፓስተር ትወስደኝ ነበር። ሆዴ ዙሪያ 14 ቀን ተወግቻለሁ። እጄን ጨብጣ «አንድ ቀረን፣ አንድ ቀረን» የምትለኝ ዛሬም ይሰማኛል። ይህ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳኛ እንደሌለው ያኔ ማንም አልነገረኝም፤ እሷ ግን ታውቅ ነበር። ሰው ላይ የሚደርሰው በአብዛኛው በውሻ በኩል ነው። አሜሪካ ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፈውን ዓይነት ማጥፋቷን ያስታወቀችው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። እንዳይመለስባት ብትጠነቀቅ አልፈርድባትም።

አሁን በጣም ወደከፋኝ ነገር ልምጣ። ኅዳር 27 ስደውል ያነሳው ሠራተኛችሁ እንዲህ አለኝ፦ «አታስቢ እህቴ፣ የቺፑን ቀን ወደ መስከረም 27 እናወርደዋለን። ሐኪሙ ይፈርማል። ማን ያያል?»

አልሆንም አልኩ። ልጁ ክፉ አይመስለኝም፤ ጭንቀቴን ሰምቶ ሊረዳኝ ፈልጎ ይሆናል። ግን ያለኝ ነገር የሐሰት ወረቀት እንሥራ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ስጋት ካለባቸው አገሮች ውሻ እንዳይገባ ያገደችው የሐሰት የክትባት ወረቀት ስለበዛ ነው። በትክክል የሚሠራው ባለቤት እንኳ ዛሬ ይህን ሁሉ ደጅ የሚጠናው በዚህ የተነሳ ነው። ቢያዝብኝ ዳማ በእኔ ወጪ ወደመጣበት ይመለሳል፣ ሰነድ አጭበርባሪ የምባለውም እኔ ነኝ። ደግሞ እውነተኛው ቀን ያለበት ወረቀት ቀድሞ ደርሷቸዋል። ይህ ሐሳብ ከአንድ ሠራተኛ የመጣ ነው ወይስ የቢሯችሁ አሠራር ነው? ይህን በግልጽ እንድትመልሱልኝ እጠይቃለሁ።

የሚያንገበግበኝ ሌላም አለ። ዳማ ጤነኛ ነው። ደሙ ራሱ ክትባቱ መያዙን መስክሯል። የጎደለው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው። ኅዳር 30 ሌላ ሐኪም ቀጥሬ እንደገና አስከተብኩት። ሐኪሙ ሲመጣ መጀመሪያ ስካነሩን አሳለፈ፣ ቁጥሩን ጮክ ብሎ አነበበ፣ ጻፈ፣ ከዚያ ወጋው። ጎረቤታችን በቪዲዮ እያሳየችኝ ነበር። ሁሉም ነገር ከአሥር ደቂቃ አልበለጠም። ቺፑ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ጠብቃችሁ ቢሆን ኖሮ በረራው በሦስት ሳምንት ብቻ ይዘገይ ነበር። አሁን ደሙ ከታኅሣሥ 30 በፊት አይወሰድም። ከዚያ ሌላ 28 ቀን አለ። ሁሉም ቢቃና እንኳ ዳማ ተለይቶ ሳይቆይ ከጥር 28 በፊት አሜሪካ መግባት አይችልም።

የእናቴ ቤት ከታኅሣሥ 1 ጀምሮ ተከራይቷል። ዳማን የወሰደችው ያችው ጎረቤታችን ናት። ዶሮዎች ስላሏት ማሰር ግድ ሆነባት፣ አልፈርድባትም። ዳማ ግን በሕይወቱ ታስሮ አያውቅም። ትናንት በቪዲዮ ሳየው ሰንሰለቱ አንገቱ ላይ ያለውን ፀጉር በልቶት ቆዳው ይታያል። ውሃውን ገልብጦታል። እንጀራ በመረቅ ፈትፍታ ስትሰጠው ካጠገቡ ዱካ ላይ ካልተቀመጠች አይበላም አለችኝ። እናቴ እንደዚያ ነበር የምታበላው።

ገንዘቡን በአጭሩ ልጻፈው። ለእናንተ 165,000 ብር፣ ለደም ምርመራውና ለመላኪያው 62,000 ብር፣ እዚህ ላለው ተቋም የማይመለስ 300 ዶላር ቀብድ፣ ለአዲሱ ክትባት 4,500 ብር ከፍያለሁ። ለጎረቤታችን በወር 10,000 ብር እልካለሁ። ደረሰኞቹን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።

የምጠይቃችሁ ይህ ነው። ሁለተኛውን የደም ምርመራ፣ መላኪያውን ጨምሮ፣ በሙሉ እናንተ ክፈሉ። የጠፋብኝን ቀብድና የአዲሱን ክትባት ወጪ መልሱልኝ፤ ዳማ እስኪበር ያለውን የማቆያ ወጪም ሸፍኑ። ከዚህ በኋላ ሥራውን እንድትቀጥሉ ወይም የአገልግሎት ክፍያውን መልሳችሁ እንድትለቁኝ የምወስነው መልሳችሁን አይቼ ነው። ከቀጠላችሁ እያንዳንዱ ወረቀት ወደ ማንም ከመሄዱ በፊት እኔ ዘንድ ይምጣ፤ ቀኖቹን እኔ ራሴ አያለሁ።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ዛሬውኑ አድርጉ። ቺፕ ስለጠፋ ክትባት ያስቀደማችሁት የዳማን ብቻ ላይሆን ይችላል። መዝገባችሁን አገላብጡ። በዚያው ሰሞን የከተባችሁላቸውን ሰዎች ደውላችሁ ንገሯቸው። እነሱ እንደ እኔ በረራው ስምንት ቀን ሲቀረው መስማት የለባቸውም።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ ሲጎዳም ካሣ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልመለሳችሁልኝ በዚሁ መንገድ አቤት እላለሁ። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ውክልና አለው።

የዳማ ዋናው የክትባት ደብተርና የደም ውጤቱ ቅጂ እናንተ ጋ ናቸው። አዲሱ ሐኪም ደብተሩን ይፈልገዋል። እስከ ዓርብ ድረስ ለጎረቤታችን አድርሱላት፤ ስልኳ ፋይሉ ላይ አለ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስለምትሄድ ከአራት ሰዓት በኋላ ደውሉላት።

ከአክብሮት ጋር
የዳማ ባለቤት