የክበባት ዘገባ፦ የሙዚቃና ቴአትር ክበባችን ከአስናቀች ወርቁ ጋር የቆየበት ዓመት

የሙዚቃና ቴአትር ክበባችን የ2017ን የትምህርት ዘመን የጀመረው በ26 ተመዝጋቢዎች፣ በ2 ከበሮና ቀንበሩ (ክሮቹ የሚታሰሩበት የላይኛው አግዳሚ እንጨት) በተሰነጠቀ 1 ክራር ነው። ከ26ቱ ሴቶቹ 4 ብቻ ነበሩ። አራቱም ስማቸውን ሲያስመዘግቡ ያሉኝ አንድ ነገር ነው፤ «ቲቸር፣ ግጥም እጽፋለሁ እንጂ መድረክ ላይ አልወጣም።» ዘገባዬን ከዚህ የምጀምረው ዓመቱን ሙሉ ስታገል የከረምኩት ከዚህች ዓረፍተ ነገር ጋር ስለሆነ ነው።

በየዓመቱ ለወላጆች ቀን የምናዘጋጀው አጭር ድራማ ስለ ሱስ ወይም ስለ ጽዳት ነበር። ዘንድሮ የአንድ ባለሙያ ሕይወት በዘፈንና በቴአትር እናቅርብ ተባባልን። ወንዶቹ በየሻይ ቤቱ የሚሰሟቸውን ወጣት ዘፋኞች ጠሩ። እኔ ስልኬን ከሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝቼ ክራር ደርዳሪዋን ዘፋኝና ተዋናይ አስናቀች ወርቁን ከፈትኩላቸው። አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ጥቂት ካዳመጠ በኋላ «ቲቸር፣ ባንዱ የት አለ?» ሲል ጠየቀኝ። ልጁ እውነቱን ነው። የሚሰማው አንድ ክራርና አንድ ድምፅ ነው። ያን ዕለት ሌላ አልሠራንም፤ ደግመን ደጋግመን አዳመጥን። አስናቀች በ2004 ዓ.ም. መስከረም ላይ ስታርፍ እነዚህ ልጆች ገና ሕፃናት ነበሩና ስሟን የሚያውቁት ሦስት ወይም አራት ቢሆኑ ነው።

የተረክንላቸውን እዚህም ላስፍረው። አስናቀች አዲስ አበባ ውስጥ የተወለደችው የሀገር ፍቅር ማኅበር በተቋቋመበት በ1927 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ማኅበሩ የተመሠረተው ጣሊያን ለወረራ ሲሰናዳ ሕዝቡን በንግግር፣ በግጥምና በዜማ ለማነሣሣት ነበር። ከነፃነት በኋላ ደግሞ ቴአትሩ፣ ዘፈኑና ጭፈራው በአንድ መድረክ እየተፈራረቁ የሚቀርቡበት ቤት ሆነ። መድረኩ ላይ ያለ ሰውም ሲያስፈልግ ይተውናል፣ ሲያስፈልግ ይዘፍናል። የሴት ገጸ ባሕርይ ግን የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ፤ ቀሚስ ለብሰው፣ ሻሽ አስረው፣ ድምፃቸውን አቅጥነው። አስናቀች በ1940ዎቹ አጋማሽ መድረክ ላይ ስትወጣ ሴት ልጅ በሕዝብ ፊት ቆማ መተወኗ ነውር የሚባልበት ዘመን ነበርና፣ ከቀደሙት ሴት ተዋንያን አንዷ ሆና የተሸከመችው ሸክም ቀላል አልነበረም። በ1948 ዓ.ም. ለንጉሡ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት የተከፈተው፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ቤትም ከተጫወተችባቸው መድረኮች አንዱ ነው። ተዋናይነቷ ዘፈኗን አላስተዋትም፤ ክራሯን ራሷ እየደረደረች፣ ግጥም እዚያው እየቋጠረች ትዘፍናለች። በ1960ዎቹ ለተቀረጹ ዜማዎቿ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ካዘጋጃቸው የኢትዮጲክስ ተከታታይ የሙዚቃ አልበሞች 16ኛውን ለብቻዋ ሰጥቷታል። ልጆቹን በጣም የደነቃቸው ይኼ የመጨረሻው ነው። እኔን የሚደንቀኝ ግን ወንዶች ሻሽ አስረው በሚቆሙበት ቦታ ራሷ ሄዳ መቆሟ ነው።

ኅዳር ላይ ጽሑፉ አለቀ። ሴቶቹ እንዳሉትም ግጥሙን ጻፉት፤ ያማረ ግጥም ነው። አስናቀችን ማን ይጫወታት ሲባል ግን ክፍሉ ጸጥ አለ። በመጨረሻ አንድ ቅን ልጅ እጁን አወጣና «እኔ እሆናለሁ» አለ። ነጠላ አጣፋን፤ ልምምድ ጀመርን። ልጁ ተሰጥኦ አለው፤ አንድም ተማሪ አልሳቀበትም። በሦስተኛው ቀን ግን እኔው አስቆምኩት። በ2017 ዓ.ም. ጅማ ላይ ስለ አስናቀች ተውኔት እያዘጋጀን፣ እሷ ከመውጣቷ በፊት ወደነበረው መድረክ ተመልሰን ልንገባ ነው። ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔም በተማሪነቴ አንድ ሚና ተሰጥቶኝ ሁለት ሳምንት ከተለማመድኩ በኋላ «ቤት ይፈልጉሻል» ተብዬ ለሌላ ሰው ተሰጥቶብኛል። ቤት ማንም አልፈለገኝም ነበር።

በማግሥቱ አራቱን ልጆች ለብቻ አስቀምጬ ምክንያታቸውን ጠየቅኳቸው። እስከዚያ ቀን እኔ «ዓይን አፋርነት ነው» እያልኩ፣ ስለ ድፍረት የሚናገር ምክር አዘጋጅቼ ነበር። አንዷ «ቲቸር፣ ልምምዱ የሚያልቀው 12 ሰዓት ነው። እኔ ደግሞ ከአዌቱ ወንዝ ማዶ ነው ቤቴ፤ እናቴ ከገበያ ሳትመለስ እሳት ማንደድ አለብኝ» አለችኝ። ሌላዋ ሲመሽ መንገዱ ያስፈራታል። ሦስተኛዋ ታናናሾቿን ከትምህርት ቤት ትቀበላለች። ልጆቹ መድረኩን አልፈሩም፤ ሰዓቱ ነው ያልበቃቸው። ልምምዱን ከትምህርት በኋላ ያደረግነው እኛ መምህራኑ ነን፤ ለእኛና ለወንዶቹ ስለሚመቸን። ይህን እስካውቅ ሁለት ወር ማለፉ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ዩኒት ሊደራችንን አማክሬ ልምምዱን ወደ ምሳ ሰዓትና ወደ ቅዳሜ ጠዋት አዛወርኩት። የሴቶቹ ቁጥር በታኅሣሥ ወር ሰባት፣ በየካቲት ወር ደግሞ ዐሥራ አንድ ደረሰ። ሌላ የተለየ ምክር አልተሰጠም።

የክራሩን ቀንበር የጠገኑልን የአንዷ ተማሪ አባት ናቸው። ጅማ በበርጩማ የታወቀች ከተማ ናትና ጥሩ እንጨት ሠሪ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። ክራሩን በጨርቅ ጠቅልዬ ሱቃቸው ድረስ ወሰድኩት። ተቀብለው ገለባበጡት፣ ገበቴውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት፤ ከዚያ ቀና ብለው «መምህርት፣ ልጄን አዝማሪ ሊያደርጓት ነው ወይ?» አሉኝ። ቁጣ የለበትም፤ የምር ጥያቄ ነው። ክራር ከመጠጥ ቤት ጋር ሲነሣ የኖረ ዕቃ መሆኑን እኔም አውቃለሁ፤ አስናቀችም ያለፈችው በዚሁ ሐሜት ውስጥ ነው። የማሳምንበት ቃል ስላልመጣልኝ ስልኬን አውጥቼ ዜማዋን ከፈትኩ። መላጊያቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው እስኪያልቅ ሰሙ። «ይቺን በልጅነቴ በሬዲዮ ሰምቻታለሁ» አሉ። በሳምንቱ አዲስ የዋንዛ ቀንበር ገጥመው፣ ጫፍና ጫፉን እንደ በርጩማ እግር አለስልሰው መለሱልን፤ ገንዘብም አልተቀበሉ። ልጃቸውን በተመለከተ የሰጡኝ ቃል አንድ ነው፤ «11 ሰዓት ላይ ቤት መግባት አለባት።» ሰዓቱን አንድ ቀን አላሳለፍንም። አስናቀችን የተጫወተችው እሷ ናት።

ክራር መማር ግን ቀላል አይደለም። ክራራችን ባለ 6 ክር ነው፤ 5ቱ የቅኝቱን ድምፆች ይይዛሉ፣ 6ኛው የመጀመሪያውን ከፍ አድርጎ ይደግመዋል። ክሮቹ የሚያርፉባት ትንሽ እንጨት በርኩማ ትባላለች፤ እሷ ከቦታዋ አንድ ጣት ከሸሸች ድምፁ ሁሉ ይበላሻል። ልጅቷ የጀመረችው በትዝታ ቅኝት ነው፤ ባቲንና አምባሰልን ከዚያ በኋላ ሞከረቻቸው፣ አንቺ ሆዬ ለሚቀጥለው ዓመት ተላልፏል። ትልቁ ፈተና ግራ እጇ ላይ ነበር። ቀኙ በመምቻ ሁሉንም ክር ሲገርፍ የግራ ጣቶች የማይፈለጉትን ክሮች ነካ እያደረጉ ዝም ማሰኘት አለባቸው። ከሚሰማው የሚታፈነው ይበዛል ማለት ነው። የካቲት ሲያልቅ የቀለበት ጣቷ ጫፍ እንደ ገበሬ እጅ ጠጥሮ አሳየችኝ፤ ደስ ብሏት ነው ያሳየችኝ።

የጅማ እርጥበት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ማታ ዝናብ ዘንቦ ካደረ የክራሩ ቆዳ ይላላና ድምፁ ይወርዳል። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ሥራችን የሚጀምረው ክራሩን ፀሐይ ላይ አውጥቶ በመጠበቅ ነበር። በዚያ መጠባበቂያ ሰዓት ነው የግጥም ቡድኑ ከሁሉ የምወደውን ስንኝ የጻፈው። ስለ ሰምና ወርቅ ስናወራ አንዷ የ9ኛ ክፍል ልጅ «ስሟ ራሱ ቅኔ ነው እኮ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ በ10 ደቂቃ ውስጥ ይህ ተቋጠረ፦

አንገቴን ላስጌጠው ሄጄ ስመርጥ ብሩን፣
ክራር ይዛ መጥታ አስናቀች ወርቁን።

ሰሙ የጌጥ ገበያ ነው፤ ክራር የያዘችው ሴት ወርቁን ከቁጥር እንዳይገባ አደረገችው። ወርቁ ደግሞ የራሷና የአባቷ ስም ነው። የአማርኛ መምህር ሆኜ ስንት ዓመት ስሟን ስጠራ ይህ አልታየኝም ነበር።

የቀረውን በአጭሩ ላውሳ። የሰንደቅ ዓላማ ቀንን በመዝሙር፣ የየካቲት 23ን የዓድዋ በዓል በፉከራና ቀረርቶ አክብረናል። በሚኒ ሚዲያ በየሳምንቱ ረቡዕ የ15 ደቂቃ የሙዚቃ ዝግጅት ነበረን። ጥር ላይ በፈተና ምክንያት 3 ሳምንት ቆመናል። በሻይና ቆሎ ሽያጭ ሁለተኛ ክራር ገዝተናል፤ ሦስተኛውን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለክበቡ ለግሷል።

የወላጆች ቀን ሰኔ ውስጥ ዋለ። ድምፅ ማጉያ ሊያመጣልን ቃል የገባልን ወገን ሳያመጣ ቀረ። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ በአዳራሹ ባለው ማይክ ጀመርን። ከወላጆች ብዙዎቹ አፋን ኦሮሞ ስለሚቀላቸው ተራኪዎቹ ሁለት ነበሩ፤ አንዱ በአማርኛ፣ አንዷ በአፋን ኦሮሞ። አፋቸው ሳይጋጭ እየተቀባበሉ መሄዳቸው ከጠበቅኩት በላይ ሆነ። ያ ኅዳር ላይ ነጠላ ያጣፋው ልጅ ድሮ ሴት ሆነው ይጫወቱ ከነበሩት ወንዶች አንዱን ሆኖ ወጣ። አስናቀች ወደ መድረኩ ስትገባ ሻሹን ከራሱ ፈትቶ ጥሏት ይወጣል። ይህን ያሰበው ራሱ ነው። አዳራሹ ተንቀጠቀጠ።

ክራር የምትይዝበት ትዕይንት ላይ ስንደርስ ዝናቡ መጣ። የጅማን የሰኔ ዝናብ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሰማ ያውቀዋል። ጥቂት ቆይቶ መብራት ሄደ፤ ማይኩ ሞተ። ልጅቷ አንድ ጊዜ ገረፈች፤ ከሁለተኛው ረድፍ አይሰማም። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ አቋርጡ ልል እጄን አነሣሁ። እሷ ግን አልተነሣችም። በርጩማዋ ላይ እንደተቀመጠች ክራሩን ጆሮዋ ሥር አስጠግታ መቃኘት ጀመረች። አንዱን ክር ነካ፣ መቃኛውን ዞር፣ እንደገና ነካ። ዝናቡ እስኪያባራ ይህንኑ አደረገች። የፊተኞቹ ወላጆች ቀስ ብለው አግዳሚያቸውን ወደ መድረኩ ሳቡ፤ የኋለኞቹም ተከተሉ። ቡና እንደሚጠጣ ሰው ዙሪያዋን ተጠጋግተው ተቀመጡ። ዝናቡ ሲቀንስ ዘፈነች። ያለ ማይክ፣ በዚያ ድንግዝግዝ ውስጥ ከመጋረጃው ጀርባ ወጥቼ የመጨረሻው ረድፍ ላይ የቆምኩት እኔም ቃል በቃል ሰማኋት። አባቷ በር አጠገብ ቆመው ነበር፤ የሥራ ልብሳቸውን እንኳ አልቀየሩም። ሲያልቅ ሰዓታቸውን አይተው ወደ እኔ መጡና «ገና 10 ሰዓት ነው፤ ትድገመው» አሉኝ። ደገመችው።

ለሚመጣው ዓመት የክበቡ ጥያቄ ሁለት ነው፦ የምሳ ሰዓት ልምምዱ በመርሐ ግብር ላይ እንዲጸና እና እርጥበት የማያስገባ አንድ ቁም ሣጥን። መመዝገቢያው መስከረም 2ኛ ሳምንት በሚኒ ሚዲያ ይነገራል። ሦስቱ ክራሮች ክረምቱን በመጋዘን ቢያድሩ ቆዳቸው ይሻግታል ብለን ስለፈራን ለሦስት ተማሪዎች በፊርማ አስረክበናቸዋል። የዋንዛ ቀንበር ያለው እንጨት ሠሪው ቤት ነው፤ ከምድጃው ራቅ ብሎ፣ ልጅቷ ከምታጠናበት ጠረጴዛ በላይ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።