አዋሽ የሚያልቅበት አገር ላለችው ልጄ

ደጀን፣ ሐምሌ 19

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዝናቡ ከሰኔ ሚካኤል ወዲህ ቀንም ሌትም አላባራም። እናትሽ የበርበሬውን ጆንያ ከግድግዳው አርቂ፣ አስጠጊ እያለች ቤቱን ስታምሰው ትውላለች። ያንቺን ድርሻ በርበሬና ሽሮ ቋጥራለች፤ አዲስ አበባ የሚወርድ ሰው እስኪገኝ ነው።

ባለፈው እሑድ በስልክ ያልሽኝ ነገር ከጆሮዬ አልወጣ ብሎ ነው የምጽፍልሽ። «አባዬ፣ እዚህ አሳይታ ጠብታ ዝናብ የለም፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ወንዙ ግን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ደፈረሰ» አልሽ። ቀጥለሽም ሳቅ ብለሽ «ደግሞ የት ገብቶ እንደሚያልቅ የሚነግረኝ አጣሁ» ከማለትሽ ኔትወርኩ ተቋረጠ። መልሼ መላልሼ ብደውል እምቢ አለ። ነገሩም በስልክ የሚያልቅ አይደለም።

እኛ ጎጃሞች ወንዝ ሲባል የምናውቀው ዓባይን ነው። ሰከላ ላይ ከግሽ ዓባይ ይነሣል፣ ጣናን ይሻገራል፣ ባሕር ዳር ላይ ይወጣና ጎጃምን እንደ አምባር ዞሮ አገር ጥሎ ይሄዳል። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» እየተባልን ነው ያደግነው። አዋሽ ግን ማደሪያ አለው። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከአገር ሳይወጣ፣ ባሕርም ሳያይ፣ ጂቡቲ ድንበር ላይ አቤ የሚባል ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ግንዱንም አፈሩንም ጨውንም እዚያው ያራግፋል። አንቺ ያለሽው ከዚህ ማራገፊያ ደጃፍ ላይ ነው።

የአሥረኛ ክፍል የጂኦግራፊ መጽሐፍሽ አሁንም ሣጥኑ ውስጥ አለ፤ ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ካርታውን ሳይ እውላለሁ። እናትሽ ትስቅብኛለች። ስንት ዓመት መሪ የጨበጥኩበትን አገር ከላይ ሆኜ ሳየው ግን ሌላ ነው። አዋሽ የሚነሣው ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በጊንጪ በኩል ካለው ደጋ ነው። ያንን ደጋ እንደ ቤት ጣራ አስቢው። በወዲያ በኩል የወረደው ዝናብ ወደ ጉደርና ወደ ሙገር ገብቶ ከዓባይ ጋር ይቀላቀላል፤ በወዲህ በኩል የወረደው አዋሽ ይሆናል። አንድ ደመና ያወረደው ውሃ፣ እኩሌታው ከደጀን በታች ዓባይ ውስጥ ገብቶ ይሄዳል፣ እኩሌታው አንቺ ጋ ይደርሳል። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ዝናብ ሲያይልብኝ ማማረር ትቻለሁ። (እናትሽ ውሸቱን ነው ትላለች።)

የአሰብን መንገድ ስመላለስበት አንቺ ገና አልተወለድሽም። ተሳቢ ያለው ፊያት ነበር የምነዳው። ከአዲስ አበባ ወጥተን ቆቃ ላይ ስንደርስ አዋሽን እናገኘዋለን። ግድቡ በ1952 ያለቀ ነው፣ ጣሊያን ለጦር ካሳ በከፈለችው ገንዘብ የተሠራ። ወንዙ ያንን ሁሉ የበቾ ሜዳ አፈር ተሸክሞ መጥቶ ስለሚያራግፍበት ዛሬ ከሆዱ ትልቅ ድርሻ ደለል ወስዶበታል ይባላል። ከቆቃ በታች ወንጂ አለ፤ ሆላንዶች በ1946 ስኳር ማምረት የጀመሩበት። እስከዚህ ድረስ አዋሽ የደጋ ልጅ ነው፣ ወገቡ አይጎብጥም። ከዚያ በኋላ ነው በረሃው የሚጀምረው።

መተሐራ ስትደርሺ በሐይቅ መካከል የሚያልፍ የሚመስለውን መንገድ ታስታውሻለሽ? ስትሄጂ በመስኮት ካየሽው በሰቃ ይባላል። ዙሪያው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ፈንታሌ የሚባለው እሳተ ገሞራ የተፋው። በሐይቅ ደረጃ ጉዱ ይህ ነው። ብዙ ሐይቅ ሲሸሽ እሱ ያድጋል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ አሁን ከ40 በላይ ሆኗል። ከመስኖው የሚሰርገው ውሃና ከሥር የሚመነጨው ተደምሮ ነው ይላሉ። እኔ ራሴ ዓመት በዓመት ወደ አስፋልቱ ሲጠጋ አይቼዋለሁ፤ መንገዱንም ሐዲዱንም ከፍ ማድረግ ግድ ሆነ። ውሃው ጨዋማ ነው። አንዲት ሴት ባልዲ ይዛ ዳር ቆማ፣ ውሃውን አይታ አይታ ባዶ ባልዲዋን ተሸክማ ስትመለስ አይቼ ረዳቴን «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው» አልኩት። ከዚያ ከበሰቃ ትርፉን እየቀነሱ ወደ አዋሽ ይለቁታል፤ አንቺ ጋ የሚደርሰው ውሃ ይህንንም ይዞ ነው የሚመጣው።

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ድልድይ በኋላ ወንዙ ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞራል። ከዚያ እስከ ሚሌ እኛና እሱ ጎን ለጎን ነን፤ አንዳንዴ እናየዋለን፣ አንዳንዴ የግራር መስመር ብቻ ሆኖ ሩቅ ይታየናል። መልካ ወረር፣ አሚባራ፣ ገዋኔ። ጥጡ የተዘራበት ያ ሁሉ ለም መሬት ቀድሞ የአፋሮቹ የበጋ ግጦሽ ነበር። ሌላው ሣር ሲደርቅ ከብቱ የሚወርደው ወደ ወንዙ ነው፤ ያንን ሲያጡ የት ይሂዱ? ይህን ያኔ አልጠየቅኩም። ጎማዬን ነበር የማስበው።

አሁን ወደ ሚሌ ልውሰድሽ፤ የዚህ ደብዳቤ ነገሩ እዚያ ነው።

ነሐሴ 1980 ነበር። ከአሰብ ማዳበሪያ ጭነን እየተመለስን ሚሌ ስንደርስ መሸ። ሚሌ ራሱን የቻለ ወንዝ ነው፤ ከወሎ ደጋ ወርዶ አዋሽን ይቀላቀላል፤ ያን ቀን ግን አሸዋ ብቻ ነበር። መኪናው ውስጥ መተኛት አይታሰብም፣ ብረቱ እኩለ ሌሊት ድረስ ይተነፍሳል። ስለዚህ መኪናውን ዳር አቁመን ከአሸዋው ላይ ሸራ ዘረጋን። ቀዝቀዝ ይላል። ረዳቴ ሻይ አፈላ፣ ጠጣን፣ ተጋደምን። ኮከቡ እንደ ጤፍ ተዘርቷል።

አንድ የአፋር ሽማግሌ ዱላቸውን በትከሻቸው አጋድመው ከግመሎቻቸው ጋር ሲያልፉ ቆሙ። ሸራውን በእግራቸው ነካ ነካ አደረጉና «ተነሣ። ውሃ» አሉ። እኔ የተጠሙ መስሎኝ ጀሪካኑን አቀበልኳቸው። ጀሪካኑን መሬት አስቀመጡት፤ «ውሃ» አሉ እንደገና፣ ወደ አሸዋው እያመለከቱ። ረዳቴ ሰማዩን አሳይቷቸው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ጎንበስ ብለው የሸራውን ጫፍ ይዘው ወደ ላይ መጎተት ጀመሩ። በሽማግሌ ፊት ተኝቶ መጎተት ነውር ነው፣ ተነሣን፤ እያጉረመረምን ዳገቷን ወጥተን ከመኪናው ሥር ተኛን።

እኩለ ሌሊት አልፎ ረዳቴ ቀሰቀሰኝ። «ኮንቮይ መጣ» አለኝ። እውነትም አንደኛ ማርሽ ይዘው ቁልቁለት የሚወርዱ የተጫኑ መኪኖች ድምፅ ይመስል ነበር። መብራት ግን የለም። ከዚያ የእርጥብ አፈር ሽታ መጣ፤ በዚያ ደረቅ አየር ውስጥ የኛን ማሳ በግንቦት የሚያስታውስ ሽታ። ሲነጋ የተኛንበት ቦታ የጠላ ድፍድፍ በመሰለ ውሃ ተሞልቶ ነበር። የረዳቴ ጫማና የሻይ ማፍያችን ሄደዋል። ዳር ላይ አረፋው ውስጥ የተጠመጠመ ቅርንጫፍ አነሣሁ፤ ባሕር ዛፍ ነው። ቅጠሉ አልጠወለገም። ልጄ፣ በዚያ በረሃ ባሕር ዛፍ የት አለ? ሽማግሌው ግመሎቻቸውን ያጠጣሉ። ቅርንጫፉን ከፍ አድርጌ ሳሳያቸው በአገጫቸው ወደ ምዕራብ ጠቆም አደረጉና «ወሎ» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ስለዚህ እዚያ ሰማዩን እያየሽ ስለ ወንዙ አትፍረጂ። አሳይታ ዓመቱን ሙሉ የምታገኘው ዝናብ 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ እኛ ይህን በአንድ ሐምሌ እናገኘዋለን። አዋሽ የሚሞላው በጊንጪ፣ በሸዋና በወሎ ደጋ ዝናብ ነው። ዝናቡ ዘንቦ ውሃው አንቺ ጋ እስኪደርስ ቀናት ያልፋሉ፤ ቆቃም ሲሞላ ይለቀቃል። ክፉው ጊዜ ነሐሴና የመስከረም መግቢያ ነው። በ2012 ክረምት ዱብቲና አሳይታ አካባቢ ሞልቶ ብዙ ሕዝብ አፈናቅሏል፤ ያኔ ተንዳሆ ግድብ ቆሞ ነበር፣ ግን አልበቃም። ቤት እቀይራለሁ ያልሽውን ነገር በዚህ አስቢው። ኪራዩ ርካሽ ነው ብለሽ ወንዝ ዳር እንዳትገቢ። አከራዩን አትጠይቂ፤ የሠፈሩን አሮጊቶች «በ2012 ውሃው የት ደረሰ?» በያቸው። ግድግዳው ላይ በእጃቸው ያሳዩሻል። አዋላጅ ስለሆንሽ ደግሞ ውሃ በመንገድ ሲተኛ የምጥ ጥሪ እንደማይቀር አንቺ ታውቂያለሽ፤ በየትኛው መንገድ እንደምትሄጂ ከአሁኑ እወቂ።

የት ያልቃል ላልሽው ደግሞ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ እኔም አላየሁትም። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ተከትዬው ሎጊያ ላይ እንለያያለን። እኔ በሰርዶ አድርጌ ወደ አሰብ፣ እሱ በዱብቲ አድርጎ ወደ አሳይታ። ሁልጊዜ በመስታወት ዞር ብዬ አየዋለሁ፤ ፊያቱ አቧራ ያነሣና ይጋርደኛል። በመጽሐፍሽ ካርታ እንደማየው ግን ከአሳይታ በታች እጁን ዘርግቶ ይበታተናል። አውሳ ይሉታል፤ የአውሳ ሱልጣኖች መቀመጫቸውን እዚያ ያደረጉት ውሃው አሸዋውን ለም ስላደረገው ነው። ከዚያ ገመሪና አፋምቦ የሚባሉ ሐይቆች ውስጥ ገብቶ ይወጣል። እነዚህ ጣፋጭ ናቸው፣ ውሃው ያልፍባቸዋላ። መጨረሻ አቤ ይገባል። አቤ ከባሕር ወለል በላይ 243 ሜትር ያህል ነው፤ መውጫ የለውም። የሚወጣው በፀሐይ ብቻ ነው፤ ፀሐይ ደግሞ ውሃውን ትወስዳለች እንጂ ጨውን አትወስድም። ውሃ ደጋግመሽ ያፈላሽበት ድስት ውስጡ ነጭ ቅርፊት የሚይዘው ያው ነው። ዳሩን የኖራ ድንጋይ ከፍ ከፍ ብሎ እንደ ጭስ ማውጫ ቆሟል፣ ከሥሩ እንፋሎት ይወጣል አሉ። በ1926 ቴሲጀር የሚባል እንግሊዛዊ አዋሽን እስከ መጨረሻው ተከትሎ አቤ ደርሷል። እኔ ከሱ የበለጠ መንገዱን ሄጄዋለሁ፣ አንዲት ቀን ብቻ ጎደለችኝ።

አንቺ እዚያው ነሽ። ክረምቱ ሲያልፍ፣ ጥቅምት ላይ ሙቀቱ ሲረግብ፣ ከመሥሪያ ቤት ሰዎች ጋር ተደራጅተሽ፣ መንገዱን የሚያውቅ የአገሩን ሰው ይዘሽ ሂጂ፤ ብቻሽን አይሆንም። ፎቶ አንሺ። ገመሪን ቅመሺው፣ አቤንም በጣትሽ ጫፍ ነክተሽ ቅመሺው፣ ምን ምን እንደሚል ጻፊልኝ። ጥሬ ውሃ አይቀመስም ብለሽ እንደምትቆጪኝ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ከሚሌ አሸዋ ላይ የጠጣሁትን ሻይ እቆጥራለሁ።

እናትሽ የበርበሬውን ክዳን አጥብቀሽ ዝጊው፣ ሙቀቱ ያበላሸዋል ብላለች።

አባትሽ