ፕሮሰሰር በኮር ብዛት አይገዛም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሰሞን ቴክኖሎጂ አምዳችሁ ላይ ለጌምም ለስራም ስለሚሆን ኮምፒውተር ያወጣችሁትን አንብቤ ነው የምጽፍላችሁ። ጽሁፉ አልከፋም፣ ግን መጨረሻ ላይ አቅም ያለው አይ9 የሚባለውን የኢንቴል ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩን አንጎል) ይግዛ፣ ኮር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ለብቻው ስራ የሚሰራ ክፍል) በበዛ ቁጥር ይፈጥናል የምትለዋ ምክር የሰው ኪስ ውስጥ የምትገባ ነገር ስለሆነች ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እኔ ኮምፒውተር እየገጣጠምኩ ነው የምኖረው፣ ግማሹ ደንበኛዬ አርክቴክትና የሰርግ ቪዲዮ ኤዲተር ነው፣ ግማሹ ደግሞ ጌም የሚጫወት ልጅ ነው (አንዳንዴ የልጁ አባት ነው፣ ለልጄ ነው እያለ ፍሬም ሬት፣ ማለትም ጌሙ በሰከንድ ስንት ምስል እንደሚያሳይ፣ የሚጠይቀኝ)። ሁሉም ገና ሳይቀመጡ የሚጠይቁት አንድ ነው፣ ስንት ኮር ነው?

እስቲ ሰዉ ሲከራከርባቸው የምሰማቸውን ሁለቱን ላንሳ። አንዱ የኢንቴል ኮር አይ9 14900ኬ ነው፣ ሁለተኛው የኤኤምዲ ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ። ከነሱ በኋላ አዲስ ወጥቷል፣ 9800ኤክስ3ዲም ኮር አልትራ 9 285ኬም አለ፣ ግን እኔ ጋ የሚመጣው ሰው አሁንም ስለነዚህ ሁለቱ ነው የሚጠይቀው። ወረቀት ላይ ካየሃቸው ጭራሽ አይወዳደሩም። አይ9ኙ እ.ኤ.አ በጥቅምት 2023 በ589 ዶላር ነው የወጣው፣ 24 ኮር አለው፣ ፍጥነቱ እስከ 6 ጊጋኸርዝ ይደርሳል። ራይዘኑ በዛው አመት ሚያዝያ ላይ በ449 ዶላር ወጣ፣ 8 ኮር ብቻ፣ 5 ጊጋኸርዝ። በናንተ ምክር ከሄድን ነገሩ እዚሁ ጋ አለቀ ማለት ነው።

ጌም ላይ ግን ባለ 8 ኮሩ ከባለ 24 ኮሩ ጋር እኩል ነው የሚሄደው፣ ብዙ ጌሞች ላይ እንደውም ይበልጠዋል። ምክንያቱ ኮር አይደለም፣ ካሽ ሚሞሪ ነው፣ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ፈጣን ማስታወሻ። ኤኤምዲ መጀመሪያ የነበረው 32 ሜጋባይት ካሽ ላይ ሌላ 64 ሜጋባይት ደርቦበት 96 አደረሰው፣ አይ9ኙ ደግሞ 36 ነው ያለው። ጌም ሲሰራ ፕሮሰሰሩ እዚህም እዚያም የተበተነ ዳታ በየቅጽበቱ ይፈልጋል፣ ካሽ ውስጥ ካጣው ከፕሮሰሰሩ ውጭ ያለው ዋናው ሚሞሪ፣ ራም ድረስ መሄድ አለበት። መርካቶ ያለ ባለሱቅ እቃው መደርደሪያ ላይ ካለ እጁን ዘርግቶ ይሰጥሃል፣ መጋዘን ከሆነ ግን ልጅ ልኮ አንተን ያስቆምሃል፣ እንደዛ ነው። ስድስት ጊጋኸርዝ ቢሆንም ቆሞ የሚጠብቅ ፕሮሰሰር ቆሞ የሚጠብቅ ነው።

ኮሩም ቢሆን 24 ሲባል ሁሉም አንድ አይነት እንዳይመስላችሁ። 8ቱ ትልልቅ ናቸው፣ 16ቱ ኤሌክትሪክ የሚቆጥቡ ትንንሽ ኮሮች ናቸው። ጌም የሚፈልገው ትልልቆቹን ነው፣ ስለዚህ ለጌም ሲሆን 8 በ8 ነው ውድድሩ ማለት ይቻላል።

ይሄን ስል ደግሞ ልጁ ሁሉ ሮጦ ኤክስ3ዲ ይግዛ ማለቴ አይደለም። ግራፊክስ ካርዱ አርቲኤክስ 3060 የሆነ ልጅ ሁለቱንም ፕሮሰሰር ቢያፈራርቅ አብዛኛው ጌም ላይ ልዩነት አያይም፣ ካርዱ ነው አንቆ የሚይዘው። በ4ኬ የምስል ጥራት ለሚጫወትም ያው ነው። ልዩነቱ የሚታየው ጠንካራ ካርድ ይዞ ዝቅ ባለው የ1080 ጥራት ብዙ ፍሬም ለሚፈልግ ሰው ነው፣ ካውንተር ስትራይክ ምናምን ለሚጫወት። ሌላው በትርፉ ብር ካርድ ቢገዛበት ይሻለዋል።

ወደ ስራው ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል፣ ግን እሱም ሙሉ በሙሉ አይደለም። ብሌንደር የሚባለውን የ3ዲ ፕሮግራም ይዞ በፕሮሰሰር ሬንደር ለሚያደርግ (ሞዴሉን ወደ ምስል ለሚቀይር)፣ ወይም ኮሮና ለሚጠቀም (በሽታውን አይደለም፣ የሬንደር ፕሮግራሙን ነው) አይ9ኙ ከእጥፍ በላይ ይፈጥናል። ማታ ተለኩሶ ጠዋት የሚያልቅ ሬንደር ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም፣ እዚህ ጋ 8 ኮር ይዘህ አትከራከርም። ግን እኔ ጋ ከሚመጡት አርክቴክቶች ብዙዎቹ ሞዴሉን ሬቪት በሚባለው የህንጻ ዲዛይን ፕሮግራም ላይ ሰርተው ሬንደሩን ሉሚየን ላይ ነው የሚያወጡት፣ ሉሚየን ደግሞ ሬንደሩን የሚሰራው በግራፊክስ ካርዱ ነው። ሬቪትም አውቶካድም ስራቸውን በአብዛኛው አንድ ኮር ላይ ነው የሚጭኑት። እና ይሄ ሰው ለ24 ኮር የከፈለው ብር ምኑ ላይ ነው የሚሰራው? 23ቱ ቁጭ ብለው ያዩታል።

የሰርግ ኤዲተሮቹ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። አሁን ብዙዎቹ በሶኒ ካሜራ 10 ቢት 4:2:2 ኤች265 በሚባለው ብዙ ከለር በሚይዝ የቪዲዮ አይነት ነው የሚቀርጹት፣ ከለር ሲሰሩበት ስለሚመች። ይሄ ፋይል የኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ታይምላይን ላይ ሲገባ ኮምፒውተሩን ያንገዳግደዋል፣ ፕሌይ ስትለው ይንተፋተፋል፣ ሙሽራዋ ከመኪና እስክትወርድ ሻይ ትጠጣለህ። እስከ አርቲኤክስ 40 ድረስ ያሉት የኤንቪዲያ ካርዶች ይሄን አይነት ፋይል በሃርድዌር (ለዚሁ በተሰራ የቺፕ ክፍል) አይፈቱትም፣ በ2025 የወጡት የ50 ተከታታዮች ናቸው የጀመሩት። የኢንቴል ፕሮሰሰር ውስጥ ያለው ትንሹ ግራፊክስ ግን ኩዊክ ሲንክ በሚሉት ነገር ይፈታዋል፣ ያውም ከአይ9 ወረድ ብሎ አይ5 14600ኬም ላይ አለ። ስለዚህ 40ም 30ም ካርድ ላለው የሰርግ ኤዲተር ኢንቴል ነው የምለው፣ ራይዘኑ ጥሩ ስላልሆነ ሳይሆን ይቺን ስራ ስለማይሰራት።

ግን ተጠንቀቁ፣ 14900ኬ እና 14900ኬኤፍ አንድ አይደሉም። ኬኤፉ ትንሽ ስለሚረክስ ሻጩ "ያው ነው፣ ካርድ ካለህ ምን ያደርግልሃል" ብሎ ይሰጥሃል። ኬኤፍ ማለት ትንሹ ግራፊክስ የተዘጋበት ማለት ነው፣ ኩዊክ ሲንክም አብሮ ሄደ። አንድ ደንበኛዬ ይሄን ገዝቶ መጥቶ ለምን ይንተፋተፋል ይለኛል፣ ምን ልበለው? ኬም ገዝታችሁ ቢሆን አንዳንድ ማዘርቦርድ (ሁሉ ነገር የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ካርድ ሲሰካበት ትንሹን ግራፊክስ ያጠፋዋል፣ ባዮስ (ዊንዶውስ ሳይከፍት የሚገባበት የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ገብታችሁ ማብራት አለባችሁ።

ሁለቱንም እፈልጋለሁ፣ ቀን ሬንደር ማታ ጌም የሚል ሰው ካለና ብሩ ካልቸገረው፣ በ2025 መጋቢት የወጣው ራይዘን 9 9950ኤክስ3ዲ አለ፣ 16 ኮር፣ 128 ሜጋባይት ካሽ፣ ሲወጣ ዋጋው 699 ዶላር ነበር። ለሱ ብዬ ብዙ ወረቀት አልጨርስም።

ጽሁፋችሁ ጭራሽ ያልነካው ግን ኤሌክትሪኩን ነው። 14900ኬ ሙሉ ጉልበቱን ሲጠቀም 253 ዋት ይጎትታል፣ ያውም ማዘርቦርዱ ገደቡን ካከበረ ነው፣ ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲመጡ ገደቡ ተነስቶላቸው ነበር። ራይዘኑ ጌም ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ዋት በታች ነው። አሁን በየቢሮው ጠረጴዛ ስር ያለችውን 650 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የምትይዘውን ባትሪ) አስቡ፣ የምትችለው ከ400 ዋት በታች ነው፣ 253 ላይ 200 ዋት የሚበላ ካርድና ሞኒተር ስትጨምርባት መብራት እልም ሲል እሷም አብራ እልም ትላለች፣ ሬንደሩም አብሮ።

ሙቀቱም አለ። አዲስ አበባ ብርድ ነው ብለን እንዘናጋለን፣ ግን ከ2300 ሜትር በላይ ነው ያለነው፣ አየሩ ከባህር ጠለል ጋር ሲተያይ ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ነው። ኩለሩ ሙቀት የሚያወጣው በአየር ነው፣ የውሃ የሚባለውም ቢሆን ዞሮ ዞሮ ፋን ነው የሚያበርደው፣ ስለዚህ ውጭ አገር በተሰራ ሙከራ አይ9ን አበረደ የተባለ ኩለር እዚህ ያንኑ ያህል አያበርድም። 100 ዲግሪ ሲደርስ ፕሮሰሰሩ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ አንተ የከፈልክበት 6 ጊጋኸርዝ እዛው ይቀራል።

በሻንጣ ከዱባይ የመጣ ወይ ያገለገለ 13ኛና 14ኛ ትውልድ አይ7 እና አይ9 ለምትገዙ ደግሞ ይሄን ስሙ። በ2024 ኢንቴል ራሱ አምኗል፣ እነዚህ ፕሮሰሰሮች ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ ቀስ በቀስ ይጎዱ ነበር። ነሐሴ ላይ 0ኤክስ129 የሚባል ማስተካከያ፣ መስከረም ላይ ደግሞ 0ኤክስ12ቢ አወጣ፣ ዋስትናውንም በ2 አመት አራዘመ። ማስተካከያው በባዮስ አፕዴት ነው የሚመጣው፣ ያልተጎዳውን ይጠብቃል እንጂ የተጎዳውን አያድንም። የተጎዳው ደግሞ ሲታይ አይታወቅም፣ ዊንዶውስ በደንብ ይከፍታል፣ ከዛ አንሪል ኢንጂን በሚባለው የጌም መስሪያ ፕሮግራም የተሰራ ጌም ስትጀምር የቪዲዮ ሚሞሪ አለቀ ብሎ ይዘጋል፣ ሰውየው ካርዴ ተበላሸ ብሎ ካርድ ሊቀይር ይሄዳል። ስለዚህ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት እዛው ፊታችሁ የግራፊክስ ድራይቨር አስጭኑ፣ ትልቅ ዚፕ ፋይልም አስፈቱ፣ ደጋግሞ ስህተት ካወጣ ጥላችሁት ሂዱ። ለኤኤምዲ አዳላህ እንዳትሉኝ፣ የኤክስ3ዲዎቹም በ2023 መጀመሪያ ላይ ማዘርቦርዱ ቮልቴጅ እያበዛባቸው የተቃጠሉ ነበሩ፣ እነሱም በባዮስ ነው የቮልቴጅ ጣሪያ የተበጀላቸው።

ዋጋውን በተመለከተ፣ የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 (በእኛ አቆጣጠር) ወዲህ በገበያ መወሰን ከጀመረ በኋላ የፕሮሰሰሩን ዋጋ ብቻ ጽፎ ማውጣት ሰውን ማሳሳት ነው። ራይዘኑ የሚቀበለው አዲሱን የራም አይነት ዲዲአር5ን ብቻ ነው፣ ቤቱ የቀድሞው አይነት 32 ጊጋ ዲዲአር4 ያለው ሰው ይጥለዋል፣ አይ9ኙ ግን ዲዲአር4 የሚቀበል ማዘርቦርድ ይገኝለታል። በሌላ በኩል የአይ9ኙ ሶኬት (ማዘርቦርዱ ላይ ፕሮሰሰሩ የሚገባበት ቦታ) በ14ኛው ትውልድ አብቅቷል፣ ነገ ፕሮሰሰር ልቀይር ብትል ማዘርቦርዱም አብሮ ይቀየራል፣ የራይዘኑ ላይ ግን 9800ኤክስ3ዲም 9950ኤክስ3ዲም ይገባል። ስለዚህ በሚቀጥለው እትም ዋጋ ስታወጡ ፕሮሰሰሩን፣ ማዘርቦርዱን፣ ራሙን፣ ኩለሩንና ዩፒኤሱን አንድ ላይ ደምራችሁ አውጡልን፣ ከጎኑም ለየትኛው ፕሮግራም እንደሆነ ጻፉበት። የሰርግ ኤዲተሮቹን እንዳትረሱ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ ኮምፒውተር ገጣጣሚ አንባቢያችሁ፣ አዲስ አበባ