ማሽኑ ማንን ነው የሚስተው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ድንገተኛ ሕክምናና ቴክኖሎጂ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ግን አንድ ትልቅ ነገር ዘሏል። አዲስ መሣሪያ ገባ ማለት ሰው ሁሉ እኩል ታከመ ማለት አይደለም። መሣሪያው ማንን በደንብ እንደሚያይና ማንን እንደሚስት የሚጠይቅ ከሌለ የድሮው አድልዎ ይቀጥላል፣ ያውም በቁጥር ተደግፎ።

ጣት ላይ የምትሰካዋን የኦክስጅን መለኪያ እንይ። ድንገተኛ ክፍል የገባ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ቀይና ኢንፍራሬድ ብርሃን በጣት ውስጥ ታሳልፍና ደሙ ምን ያህሉን እንዳስቀረ አይታ ቁጥር ታወጣለች። ችግሩ የቆዳ ቀለምም ብርሃን ያስቀራል። እ.ኤ.አ. በ2020 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመለኪያዋን ቁጥር በመርፌ ከተወሰደ የደም ምርመራ ጋር አመሳከሩት። መለኪያዋ ከ92 እስከ 96 በመቶ ስታሳይ፣ ማለትም ብዙም የማያሰጋ ቁጥር ስትሰጥ፣ ትክክለኛው ኦክስጅን ከ88 በታች ሆኖ የተገኘው ከነጭ ታካሚዎች ልኬት 3.6 በመቶው ላይ፣ ከጥቁሮቹ ደግሞ 11.7 በመቶው ላይ ነው። ሦስት እጥፍ! የሚገርመው ደግሞ ተመሳሳይ ነገር በ1990 በወጣ ጥናትም ታይቶ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መለኪያዋ በየአልጋው ስትዞር ኖራለች። 94 ያሳየ ሰው ኦክስጅን ላይደረግለት ይችላል፤ ትንፋሽ አጠረኝ ሲልም ቁጥሩ ደህና ነው ተብሎ ወደ ቤቱ ይሸኛል።

ሶፍትዌሩም ያው ነው። በ2019 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት፣ በአሜሪካ ተጨማሪ ክትትል ማን ይፈልጋል የሚለውን የሚለይ ፕሮግራም ፈትሾ ነበር። ፕሮግራሙ የሕመምን ክብደት የሚገምተው ለሕክምና ከወጣው ገንዘብ ነው። ሕክምና እንደልቡ ያላገኘ ሰው ደግሞ ቢታመምም ብዙ ወጪ የለበትም፣ ስለዚህ ጤነኛ መስሎ ታየ። እሺ፣ ይኼ የድንገተኛ ክፍል ፕሮግራም አይደለም። ግን ትሪያጅ ላይ፣ ማለትም ታካሚዎች እንደ ሕመማቸው ክብደት በሚለዩበት ቦታ፣ ማን ቀድሞ ይግባ የሚለውን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ስንሰጥ፣ የሚማረው ከትናንት መዝገብ ነው። ትናንት ሕመሟ ተንቆ ስትጠብቅ የዋለች ሴት መዝገቡ ላይ ያለችው «ቀላል» ተብላ ነው።

ቴክኖሎጂ አልወድም እያልኩ አይደለም። ስትሮክን እዩ። በደም መርጋት የሚመጣው ስትሮክ ሳይታከም በሚያልፍ በእያንዳንዱ ደቂቃ በአማካይ 1.9 ሚሊዮን የአንጎል ሴሎች ይሞታሉ ተብሎ ይገመታል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ደግሞ በተለምዶ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ መሰጠት አለበት። የነርቭ ስፔሻሊስት የሌለበት ትንሽ ሆስፒታል የሄደ ሰው ዕድሉ የት አለ? ሲቲ ስካንና ጥሩ ኢንተርኔት ካለ ግን ስፔሻሊስቱ በስክሪን ይገባል። «ዓይንህን ጨፍን፣ ሁለቱንም እጅህን ዘርጋ» ይላል፤ አንደኛው እጅ ቀስ እያለ ሲወርድ እዚያው ያየዋል፣ የአንጎሉን ምስልም ያነባል፣ መድኃኒቱ ይሰጠው አይሰጠው ከሐኪሙ ጋር ይወስናሉ። እኩልነት የምለው እንዲህ ያለውን ነው።

የቪዲዮ አስተርጓሚም እንዲሁ። የሐኪሙን ቋንቋ ለማትችል እናት ብዙ ጊዜ የሚያስተረጉምላት አብሯት የመጣው ልጇ ነው። የትኛዋ እናት ናት ስለ ማህፀኗ ደም መፍሰስ ለአሥር ዓመት ልጇ አፍ አውጥታ የምትናገረው? በሙያው የሠለጠነ ሰው በታብሌት ማገናኘት ይኼን ይፈታል፣ ምልክት ቋንቋንም ይጨምራል። እኔ ብጠየቅ ከትሪያጁ ሶፍትዌር በፊት ይኼ ይግባ እላለሁ። የድንገተኛ ጥሪ ቁጥርም በጽሑፍ መልእክት ካልሠራ መስማት ለተሳነው ሰው እንደሌለ ነው። ሁሉንም ነገር በአፕ አድርጉ የሚሉ ሰዎችም ስማርት ስልክ የሌለውን ባይረሱት ጥሩ ነበር።

መሣሪያ የሚገዛ ሆስፒታል ሻጩን በማን ላይ እንደተሞከረ ይጠይቅ፣ መልሱም በጽሑፍ ይሁን። ከገዛ በኋላ ደግሞ ታካሚው ከበር ገብቶ ሐኪም እስኪያየው፣ ማስታገሻ እስኪያገኝ የፈጀውን ጊዜ በቋንቋ፣ በፆታ፣ በቆዳ ቀለም፣ በአካል ጉዳት ከፋፍሎ ያውጣ። አማካዩ ብቻ ምንም አይነግረንም። እናንተም በሚቀጥለው ጊዜ የሆስፒታል ኃላፊ ስለ አዲስ ማሽን ስታነጋግሩ፣ ከዋጋው ቀጥሎ ይኼን ጠይቁልን።

አንባቢያችሁ