አርበኛውን ሽፍታ ያደረገ ዓመተ ምሕረት

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ለዘጌው የኮሪያ ዘማች ባሕር ዳር ላይ ስለተደረገው የክብር ሥነ ሥርዓት ያወጣችሁትን ዘገባ አንብበናል። አገራቸውን፣ ጣና ዳር ያለችውን ዘጌን፣ «ባሕር ዳር» ብላችሁ ማለፋችሁ ቅር ቢያሰኝም፣ የባሰው ዓመተ ምሕረቱ ነው።

«በ1951 ዓ.ም. ኮሪያ ዘመቱ» ብላችኋል። በ1951 ዓ.ም. እዚያ ምን ውጊያ ነበረ? የተኩስ አቁሙ የተፈረመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ነው። በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ የተመራው፣ ኮሪያ የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ፣ ከአዲስ አበባ የተነሣው ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ነው። 1951 የፈረንጁ ቁጥር ነው፤ ሳይቀየር «ዓ.ም.» ተቀጠለበት።

ስለ ዘማቹ አባት የጻፋችሁት ደግሞ ይብሳል። «ከ1936 እስከ 1941 ዓ.ም. በጎጃም ዱር ገብተው ተዋጉ» ይላል። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ታዲያ በ1936 ዓ.ም. ከማን ጋር ነበር የሚዋጉት? ጣሊያን እኮ ከጎጃም ወጥቷል! ያን ጊዜ ዱር የገባን ሰው መንግሥት የሚጠራው ሽፍታ ብሎ ነው። በላይ ዘለቀ እንኳ የተሰቀሉት በ1937 ዓ.ም. ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያንን የተፋለመ አርበኛ፣ በእናንተ ቁጥር በገዛ መንግሥቱ ላይ የሸፈተ ሆኖ ተነበበ። ሦስት ትውልድ ለወታደርነት የሰጠ ቤት ይህ አይገባውም።

ቀመሩ ቀላል ነው። በአብዛኛው ዓመት ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ላለው ጊዜ ከፈረንጁ ዓመት 7 ይቀነሳል፤ ከታኅሣሥ 23 እስከ ጳጉሜን ማብቂያ 8። ወሩ ካልታወቀ 1951ን «1943/44» ብሎ መጻፍ ነው እንጂ አንዱን መገመት አይደለም። ዓመቱን የወሰዳችሁበት ምስክር ወረቀት በእንግሊዝኛ ከሆነ የፈረንጁን ቁጥር «እ.ኤ.አ.» ብሎ ከጎኑ ማስቀመጥ ነው፤ ያኔ ስሕተቱን ማንም አንባቢ ይይዘዋል።

«ሰላም አስከባሪ» ያላችሁትም ይታረም። ቃኘው ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ዲቪዚዮን 32ኛ ሬጅመንት ጋር ተሰልፎ ግንባር ላይ የተዋጋ ነው። ሰላም ማስከበሩ የኮንጎው ዘመቻ ነው። በፎቷችሁ ላይ ደረታቸው ላይ የሚታየው፣ ጥብጣቡ ሰማያዊና ነጭ 17 መስመር ያለው ሜዳሊያ፣ የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳሊያ ነው፤ ዘጋቢያችሁ ስለ ሜዳሊያው ቢጠይቅ ይበቃው ነበር።

እርማቱ ዘገባው በወጣበት ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን ይውጣ፤ ድረ ገጹ ላይ ያለውም ይስተካከል። የልጅ ልጆቻቸው ጋዜጣውን ቆርጠው ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት የታረመውን ነው።

የዘጌ ተወላጅ አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር