ባዶ ያላችሁት ቦታ ባዶ አይደለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ባለፈው ሳምንት ስለ ቮዬጀር 1 ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። በደንብ የተጻፈ ነው። ከላይ የለጠፋችሁት የፍኖተ ሐሊብ፣ የጋላክሲያችን፣ ፎቶም ያምራል፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። አንድ ቦታ ላይ ግን ቆምኩ። መንኮራኩሯ የፀሐይን ክልል ለቅቃ «ወደ ባዶው» ገባች ብላችኋል። ፊዚክስ አስተምራለሁ። በማግስቱ አንድ ተማሪዬ ጽሑፉን በስልኩ ይዞ መጣና «ባዶ ከሆነ ታዲያ እዚያ ሆና ምን እየለካች ነው መረጃ የምትልከው?» አለኝ። ጥያቄው ልክ ነው። የተሳሳተው እሱ አይደለም፣ እናንተ ናችሁ።

የሆነው ተቃራኒው ነዋ! ቮዬጀር ዳሩን ስትሻገር በዙሪያዋ ያለው ነገር አልሳሳም፣ ወፈረ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። (ዓመቶቹ እንደ እናንተው በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ፀሐይ ብርሃን ብቻ አይደለም የምትሰጠው፤ ያለ እረፍት ቅንጣቶችንም ትረጫለች፣ የፀሐይ ነፋስ የሚባለውን። ይህ ነፋስ ዙሪያውን ገፍቶ እንደ አረፋ ያለ ነገር ይሠራል፤ እኛም ከነፕላኔቶቹ አረፋው ውስጥ ነን። አሁን አስቡት። አረፋ ዳር የሚኖረው ከውጭ መልሶ የሚገፋው ነገር ካለ ብቻ ነው። ውጭው ባዶ ቢሆን ነፋሱ እየሳሳ እየሳሳ እስከ ወዲያኛው ይሄዳል እንጂ የቱ ጋ ይቆማል? ዳር አለ ካልን ውጭ የሆነ ነገር አለ ማለታችን ነው። ይህን ለማወቅ መንኮራኩር መላክ እንኳ አያስፈልግም ነበር።

ተልኳል ግን። ቮዬጀር 1 ዳሩን ያለፈችው ኦገስት 25 ቀን 2012 ነው፤ ከፀሐይ እስከ ምድር ያለውን ርቀት 121 ጊዜ ያህል ሄዳ። ማለፏ ወዲያው አልታመነም፣ አከራከረ። ፕላዝማውን፣ ማለትም ኤሌክትሮኖቹ ከአተሞቹ የተለዩበትን ጋዝ፣ በቀጥታ የሚለካው መሣሪያዋ ከ1980 ጀምሮ አይሠራም። የቀራት የፕላዝማን ንዝረት የሚያዳምጥ አንቴና ነበር፤ ንዝረት እንዲኖር ደግሞ አንድ ነገር መጥቶ ፕላዝማውን መነቅነቅ አለበት። መጣ። በማርች 2012 ፀሐይ ላይ ትልቅ ፍንዳታ ተነሣ፤ ግፊቱ ከአንድ ዓመት በላይ ተጉዞ በኤፕሪል 2013 መንኮራኩሯ ጋ ደረሰና በዙሪያዋ ያሉትን ኤሌክትሮኖች አንቀጠቀጣቸው። ኤሌክትሮኖች በበዙ ቁጥር ንዝረታቸው ይፈጥናል፤ ቀመሩ ሰሌዳ ላይ አንድ መስመር አይሞላም። የተሰማው በሰከንድ 2,600 ንዝረት ገደማ ነበር። ሲሰላ በአንድ ሴንቲሜትር ኪዩብ 0.08 ኤሌክትሮን ይወጣል። አረፋው ውስጥ፣ ከዳሩ ወዲህ፣ የነበረው 0.002 አካባቢ ነው። 40 እጥፍ! እህቷ ቮዬጀር 2ም በኖቬምበር 2018 ስትሻገር፣ የእሷ መለኪያ ደህና ስለነበር፣ ለውጡን በቀጥታ አይታዋለች።

በ0.08 ኤሌክትሮን «ወፈረ» ስል ሳቃችሁ ሊመጣ ይችላል። እውነታችሁን ነው። የምንተነፍሰው አየር አንድ ሴንቲሜትር ኪዩብ ውስጥ 25 ሚሊዮን ትሪሊዮን ገደማ ሞለኪውል አለ። በጋላክሲያችን ውስጥ፣ በከዋክብት መካከል፣ በአማካይ አንድ አተም ነው። አንድ! ሰው በፓምፕ አየር መጥጦ ከሚሠራው ከማንኛውም ጥሩ ቫክዩም ይሳሳል። ታዲያ ባዶ ብንለው ምን ችግር አለው?

ችግሩ ርቀቱን መርሳታችሁ ነው። ከተማሪዎቼ ጋር ያሰላነውን ላካፍላችሁ። አንድ የብርሃን ዓመት ወደ ሴንቲሜትር ሲመነዘር አንድ ሚሊዮን ትሪሊዮን ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ስለዚህ 25 የብርሃን ዓመት የመጣ ብርሃን በመንገዱ የሚያገኛቸው አተሞች ብዛት፣ የትንሽ ጣት ውፍረት ያለው አየር ውስጥ ካሉት ሞለኪውሎች ጋር እኩል ነው። እስከ ጋላክሲው መሃል 26,000 የብርሃን ዓመት ገደማ አለ። ይህን ሁሉ አቋርጦ የመጣ ብርሃን ያለፈበት በቁጥር ሲታይ አሥር፣ ቢበዛ ሃያ ምናምን ሜትር አየር ነው። ክፍሉ ውስጥ አንድ ልጅ «ይኼማ ከዚህ እስከ በሩ ነው» አለ። ከበሩ ትንሽ ይርቃል፣ ግን ገብቶታል።

አሁን ጉዱን ስሙ። ሃያ ሜትር አየር ምንም አይጋርድም፣ ማዶ ያለውን ሰው ፊት ቁልጭ አድርጋችሁ ታያላችሁ። ከጋላክሲው መሃል የሚነሣው የሚታይ ብርሃን ግን እኛ ጋ የሚደርሰው ከትሪሊዮን አንድ እጅ ገደማ ብቻ ነው። የቀረው የት ገባ? አቧራ በላው። በከዋክብት መካከል ካለው ቁስ በክብደት ከመቶ 99 ያህሉ ጋዝ ነው፣ አብዛኛው ሃይድሮጅን፣ ቀጥሎ ሂሊየም። የቀረው ከመቶ አንድ ገደማ ደቃቅ ብናኝ ነው፤ የአሸዋ ዘመድ የሆኑ ማዕድናትና ካርቦን፣ የአንዱ ቅንጣት መጠን ከሚሊሜትር አሥር ሺህ አንዱን የሚያህል። እኛ አቧራ እንለዋለን እንጂ ከጭስ ጋር ነው የሚቀራረበው። ጭስ ደግሞ ክብደቱ ሳይሆን ድቀቱ ነው የሚጋርደው።

አቧራው ሰማያዊውን ብርሃን ይበልጥ ይበትናል፣ ቀዩን ያሳልፋል። ጀምበር ስትጠልቅ እንደምትቀላው ማለት ነው። ከዚህ አቧራ ጀርባ ያለ ኮከብም ከእውነተኛ ቀለሙ ይልቅ ቀልቶ ይታያል። ከቀዩ ወዲያ ያለው፣ ዓይናችን የማያየው ኢንፍራሬድ ብርሃን ደግሞ ብዙም ሳይበላ ያልፋል፤ በ2020 ኖቤል የተሸለሙት ጌንዜልና ጌዝ በጋላክሲው መሃል በጥቁሩ ጉድጓድ ዙሪያ የሚሽከረከሩትን ከዋክብት ለዓመታት የተከታተሉት በዚሁ ቀዳዳ ነው።

ባዶ ነው የሚለው ግምት ስንቱን እንዳሳሳተ ብታውቁ! ሃርትማን የተባለ ጀርመናዊ በ1904 ሁለት ሆነው እርስ በርስ የሚዞሩ ከዋክብትን ብርሃን ሲመረምር፣ ብርሃኑ በየቀለሙ ሲበተን የሚታዩት ጥቁር መስመሮች ወዲያ ወዲህ ይሄዳሉ፣ ከዋክብቱ ሲቀርቡና ሲርቁ። አንዱ የካልሲየም መስመር ግን ንቅንቅ አይልም። የከዋክብቱ ቢሆን አብሮ በሄደ። ስለዚህ የመንገዱ ነው፤ በመሃል የቆመ ጋዝ አለ። ያም ሆኖ የአቧራው ነገር እስከ 1930 አወዛገበ። በዚያ ዓመት ትረምፕለር የተባለ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ የከዋክብት ዘለላዎችን ሲያነጻጽር ሩቆቹ በመጠናቸው ሊኖራቸው ከሚገባው በላይ ደብዝዘው አገኛቸው። ከዚያ በፊት ብዙዎች መንገዱ ጥርት ያለ ነው ብለው ነበር የሚለኩት፤ ርቀቱን ከእውነቱ በላይ ያረዝሙት ነበር።

በቅርቡም የተታለለ አለ። በማርች 2014 በደቡብ ዋልታ ያለው የባይሴፕ 2 ቴሌስኮፕ ቡድን ከዩኒቨርስ መወለጃ ቅጽበት የመጣ የስበት ሞገድ አሻራ አገኘሁ ብሎ ዓለምን አስደሰተ። ዓመት ሳይሞላ የፕላንክ ሳተላይት መረጃ ተጨምሮ ሲታይ ምልክቱን ለማብራራት የገዛ ጋላክሲያችን አቧራ በቂ ሆነ። ቡድኑ አቧራውን ረስቶት አልነበረም፣ አሳንሶ ገምቶት ነው። ሰዎቹ ደግሞ ተራ ሰዎች አይደሉም፤ የዘርፉ ምርጦች ናቸው።

ሌላም ነገር ጽፋችኋል፣ «ቀዝቃዛው ሕዋ» የሚል። ይኼም የት እንዳላችሁ ይወሰናል። ቮዬጀር ያለችበት ጋዝ ሙቀቱ ሺዎች ዲግሪ ነው። አትቀልጥም እንዴ? አትቀልጥም። ሙቀት ማለት የቅንጣቶቹ ፍጥነት ነው፤ ቅንጣቶቹ እጅግ ጥቂት ስለሆኑ ለመንኮራኩሯ የሚያካፍሉት ሙቀት ከቁጥር አይገባም። እንዲያውም እዚያ የሚያስቸግራት ብርድ ነው። ሱፐርኖቫ፣ ማለትም የኮከብ ፍንዳታ፣ ያለፈበት ቦታ ጋዙ አንድ ሚሊዮን ዲግሪ ይደርሳል። ከዋክብት የሚወለዱባቸው ጥቁር ደመናዎች ውስጥ ደግሞ ከዜሮ በታች 260 ዲግሪ ገደማ ነው። ሞቃቱ ይሳሳል፣ ቀዝቃዛው ይወፍራል፣ ግፊታቸው ግን ብዙ ጊዜ ይቀራረባል፤ እንደ አየር ጠባይ ነው ነገሩ። እኛ ራሳችን ያለነው ወደ 1,000 የብርሃን ዓመት የሚሰፋ ሱፐርኖቫዎች የቦረቦሩት ክፍተት ውስጥ ነው። ፍንዳታዎቹ ከ14 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እንደጀመሩ ነው የሚገመተው። ደግሞ ሩቅ ተረት አይደለም። ከውቅያኖስ ወለል በወጣ ደለል ውስጥ ብረት 60 የሚባል ራዲዮአክቲቭ የብረት ዓይነት ተገኝቷል፤ በ2.6 ሚሊዮን ዓመት ግማሹ የሚጠፋ ስለሆነ ምድር ስትፈጠር የነበረ ሊሆን አይችልም። ከፈነዳ ኮከብ የመጣ አቧራ ነው።

ከሁሉ የምወደውን ልጨምርና አበቃለሁ። ሃይድሮጅን ከ21 ሴንቲሜትር የራዲዮ ሞገድ ጋር ልዩ ጉዳይ አለው። ብቻውን የተቀመጠ አተም፣ የኤሌክትሮኑ ስፒን (እንደ መሽከርከር የሚታሰብ ባሕርዩ) ከፕሮቶኑ አንጻር ሲገለበጥ፣ ይህን ሞገድ ይለቃል። አንዱ አተም ይህን እስኪያደርግ በአማካይ አሥር ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጃል። ማን ይጠብቀዋል? ግን አተሞቹ ከመብዛታቸው የተነሳ ሰማዩ ሁሌም ያንን ድምፅ እንዳሰማ ነው። ሆላንዳዊው ፋን ደ ሁልስት በ1944 ይሰማል አለ፤ በ1951 ሃርቫርድ ውስጥ ዩወንና ፐርሰል ከጣውላ የተሠራ፣ በመዳብ የተለበጠ፣ በመስኮት ወደ ውጭ የወጣ መለከት የሚመስል አንቴና ይዘው ሰሙት። በዚህ «ባዶ» ነው የጋላክሲያችን ክንዶች ካርታ የተሳለው።

ዛሬም ያልተቋጨ ነገር አለ። በጋላክሲያችን ያለው የሞለኪውል ጋዝ ወደ አንድ ቢሊዮን ፀሐይ ይመዝናል። ስበት ብቻ ቢሆን በጥቂት ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ተሰብስቦ ከዋክብት በሆነ፤ በዓመት በመቶዎች የሚቆጠሩ ፀሐዮች መወለድ ነበረባቸው። የሚወለደው ግን ሁለት ፀሐይ ገደማ ነው። ምን ያዘው? አንዱ የጋዙ መናወጥ ነው ይላል፣ ሌላው የመግነጢስ መስክ፣ ሌላው የወጣት ከዋክብት ጨረርና ነፋስ የገዛ ደመናቸውን መበተኑ። የመግነጢስ መስኩ ከምድራችን መቶ ሺህ ጊዜ ያህል ቢደክምም ቦታው ሰፊ ጋዙም ሳስቶ የተበተነ ስለሆነ ጉልበቱ ከጋዙ ጉልበት ጋር ይተካከላል። እኔ በበኩሌ ወደ ሦስተኛው አደላለሁ፤ የታወቁት ደመናዎች ተሰብስበው ሳያልቁ ተበታትነው የሚያልቁ ይመስላሉ። ይህን ሁሉ የሚያከራክር ነገር ባዶ ሲባል ሆዴን ይበላኛል።

እርማት ለማውጣት ፈቃደኛ ከሆናችሁ አንድ መስመር ይበቃል፤ ቮዬጀር 1 የገባችው 40 እጥፍ ወደሚወፍር ፕላዝማ ነው በሉ። ፎቶውን አትቀይሩት። ከፍኖተ ሐሊብ መሃል የተጋደመውን ጥቁር ስንጥቅ አይታችሁታል? የፎቶ ጉድለት እንዳይመስላችሁ፣ የከዋክብት እጥረትም አይደለም። ያው አቧራው ነው፤ ከሥሩ ስሙን ጻፉለት።

የዘወትር አንባቢያችሁ