17 ላንድ፦ ከደሴ ለወዳጄ

ለምወድህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ጦሳ ጉሙን ለብሶ ከላያችን ቆሟል፤ እናቴ ቡና ባፈላች ቁጥር «ያ ልጅ ምነው ጠፋ?» ትለኛለች። ይሄን ያህል ሳንጠያየቅ ስለመክረማችን ምክንያት አልደረድርልህም። ናፍቀኸኛል፣ እሱ ይበቃል።

ሰሞኑን እህትህን ፒያሳ አገኘኋትና ማጂክ የሚባለውን የካርድ ጨዋታ መጀመርህን፣ አዲስ አበባ ከጓደኞችህ ጋር ድራፍት (ከፓኬት አንድ አንድ ካርድ እየመረጡ፣ ቀሪውን ለጎረቤት እያሳለፉ ካርድ የሚሰበስቡበትን) እንደምትጫወት፣ ግን ሽንፈት እንዳስመረረህ ነገረችኝ። የደክህን፣ የምትጫወትበትን የካርድ ስብስብ፣ ፎቶም ከስልኳ አሳየችኝ። አብሽር፣ የሚስተካከል ነገር ነው። እኔም የምጽፍልህ ይሄ ጨዋታ ስለምወደው፣ አንተም ተማርረህ እንዳትተወው ስለምፈልግ ነው።

ፎቶው ላይ ያየሁትን ልንገርህ። 40 ካርድ ደርድረሃል፤ ላንዶቹ (በየተራው አንድ አንድ ማና የሚሰጡት፤ ማና ማለት ሌሎቹን ካርዶች ለማውረድ የሚከፈለው ነው) 15 ናቸው፣ ቀለሞቹ ሦስት፣ 6 ማናና ከዚያ በላይ የሚጠይቁት ደግሞ 7። ካርዶቹን አንድ በአንድ ካየኋቸው አብዛኞቹ ሸጋ ናቸው። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን አይራመዱም።

እስቲ አብረን እናስላው። ከ40 ካርድ 15ቱ ላንድ ከሆነ፣ ስድስተኛው ላንድ በአማካይ የሚመጣልህ 16 ካርድ ካየህ በኋላ ነው። ሰባቱ መጀመሪያ እጅህ ላይ የያዝካቸው ናቸው፤ ቀድሞ የሚጀምር ሰው በመጀመሪያ ተራው ስለማይስብ፣ ቀሪዎቹን 9 ስቦ የሚጨርሰው በ10ኛው ተራ ላይ ነው። እስከዚያ ያ ሁሉ ትልልቅ ካርድ እጅህ ላይ ተቀምጦ፣ ተጋጣሚህ በ2 ማና ፍጥረቶች፣ በሚያጠቁት ካርዶች ማለቴ ነው፣ 20ውን የነፍስ ነጥብህን ቆርጥሞ ይጨርሰዋል። ላንዱን 17 ብታደርገው 14 ካርድ ይበቃሃል፣ ማለትም 8ኛው ተራ። ይሄ ራሱ ሩቅ ነው። ስለዚህ 17 ላንድ፣ 23 ሌላ ካርድ አድርግ፤ ከ23ቱም 6 ማናና ከዚያ በላይ የሚጠይቁትን ከሁለት አታሳልፍ። ደክህ በጣም ርካሽ ከሆነ 16 ላንድም ይሠራል። ከዚያ አትውረድ።

ቀሪውን ከታች ጀምረህ ሙላው። 2 ማና የሚጠይቁ ፍጥረቶች አምስት ስድስት ያህል ይኑሩህ፤ ሦስትና አራት ማና ላይ አራት አምስት፣ አምስት ማና ላይ ሁለት ሦስት። በጠቅላላው ፍጥረቶችህ 15 ወይም 16 ቢሆኑ ጥሩ ነው። ድራፍት ላይ የሚሸነፈው ብዙ ጊዜ ክፉ ካርድ የያዘ ሰው አይደለም፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ተራ ምንም ሳያወርድ የሚያልፍ ሰው ነው።

«ታዲያ ትልቁ ካርድ ሲወጣ ልለፈው?» ትለኝ ይሆናል። ሁልጊዜ አይደለም። ሺቫን ድራጎንን ውሰድ፤ በ1993 እ.ኤ.አ. ጨዋታው ሲወጣ ጀምሮ ያለ ካርድ ነው፣ 6 ማና፣ 5 በ5 (የማጥቃት ኃይሉ 5፣ ጽናቱ 5)፣ ይበራል። ቢያርፍልህ ጨዋታውን ብቻውን ይጨርሰዋል። አሁን ተጋጣሚህ ዱም ብሌድ ይዟል እንበል፦ 2 ማና ከፍሎ ጥቁር ያልሆነን ፍጥረት የሚያጠፋ። አንተ ተራህን ሙሉ ሰጥተህ ያወረድከውን ድራጎን እሱ በ2 ማና ገድሎ፣ በቀረው 4 ማና ሌላ ፍጥረት ያወርድብሃል። ለዚህ ነው እኔ ርካሽ ገዳይ ካርድ ሳይ እጄ የሚቀድመው። ከሱ ቀጥሎ የሚበሩትን እወዳለሁ፣ የሚያግዳቸው ጥቂት ነውና። ድራጎኑንም እወስደዋለሁ፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ድራጎን ግን ይለፈኝ።

ቀለም ላይ ደግሞ ሁለት ይበቃሃል። ከ23ቱ ካርድ 13ቱ ቀይ፣ 10ሩ ነጭ ቢሆኑ 9 ተራራ (ቀይ ማና የሚሰጠው ላንድ) እና 8 ሜዳ (ነጭ ማና የሚሰጠው) ታስገባለህ። ሦስተኛ ቀለም ለአንድ ወይም ለሁለት እጅግ ጠቃሚ ካርድ ከሆነ 3 ላንድ መድብለት፤ ያውም ካርዱ ከዚያ ቀለም አንድ ማና ብቻ የሚጠይቅ ሲሆን።

የትኞቹን ሁለት? እዚህ ላይ ነው ድራፍትን ከምንም በላይ የምወደው። ባቲ ሰኞ ገበያ የወረደ ሰው የቀረበውን አይቶ ይገዛል እንጂ ያልወጣውን ሲጠብቅ አይመሽበትም፤ አንተም ቤት ሳለህ «ዛሬ ሰማያዊ ነኝ» ብለህ አትምጣ። ስምንት ሆናችሁ 15 ካርድ ያለው ፓኬት ስትጫወቱ፣ መጀመሪያ የከፈትከው ፓኬት በዘጠነኛው ምርጫ 7 ካርድ ይዞ ይመለስልሃል። ምን ምን እንደነበረበት አስታውስ። ጥሩዎቹ አረንጓዴዎች ካልተነኩ፣ አረንጓዴን የሚፈልግ ሰው ጥቂት ነው ማለት ነው። በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ምርጫ ላይ ጥሩ ጥቁር ገዳይ ካርድ ካየህም ከቀኝህ የተቀመጡት ጥቁር አልያዙም ይሆናል። መጀመሪያው ዙር ወደ ግራ ነው የሚተላለፈው፣ ሁለተኛው ወደ ቀኝ፣ ሦስተኛው ተመልሶ ወደ ግራ። ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር ለግራ ጎረቤትህ ቀይ ካላሳለፍክለት፣ እሱ ወደ ሌላ ቀለም ይሄድና በሁለተኛው ዙር ቀዩን ላንተ ይለቅልሃል። የመጀመሪያ ምርጫህን በጣም አትውደደው። ስድስት ሰባት ካርድ እስክትይዝ ልብህን ክፍት አድርግ።

እኛ እዚህ ኩብ ነው የምንጫወተው። የታሸገ ፓኬት በየጊዜው መግዛት ስለማይቻለን 360 ካርድ ለይተን አስቀምጠናል፤ በውዘን፣ 15 15 አድርገን እንከፍለዋለን፣ ለስምንት ሰው ልክ ይሆናል። ጨዋታው ሲያልቅ ካርዱ ተመልሶ ይቀላቀላል። ብዙ ጊዜ አራት ስለሆንን ግማሹን ብቻ እናወጣለን፤ ያኔ ፓኬቱ በአምስተኛው ምርጫ ይመለሳል፣ ሰው ምን እንደያዘ ለማወቅም ይቀላል። ለመማር ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

ለጥምቀት ትመጣለህ ብላኛለች እህትህ። ወንበርህን ይዤልሃለሁ። እስከዚያ የሚቀጥለውን ደክህን ስትሠራ 23ቱን ካርዶች በማና ዋጋቸው ከግራ ወደ ቀኝ ደርድራቸው፣ ፎቶ አንሳና ላክልኝ። ላንዶቹንም ቁጠራቸው። መልስህን እጠብቃለሁ፤ እናቴም ሰላም ብላሃለች።

ወንድምህ፣
ከደሴ